ዓሣን በስሙ መጥራት
ስለ ጣና ሐይቅ አዳዲስ የዓሣ ዝርያዎች አሰያየምና ለመሐንዲስ ስላለው ትርጉም

(ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር)



«ስምን መልአክ ያወጣዋል» የሚለው አባባል የተነገረው ለሰው ልጅ ስም ነው። የዓሣን ስም ግን መልአክ አያወጣውም። የዓሣን ስም የሚያወጣው በካሊፐርና በሚዛን፣ በማጉያ መነጽርና በመዝገብ፣ አንዳንድ ጊዜም ብዙ ዓመታት በፈጀ ክርክር የሚደክም ሰው ነው። የዚህ ንግግር ጉዳይ ይኸው ድካም ሲሆን፣ ምሳሌ ሆኖ የተመረጠውም በጣና ሐይቅ የሚገኘውና በአካባቢው «ነጭ ዓሣ»፣ በሌላው ያገራችን ክፍል «ቢልጫ» እየተባለ የሚጠራው የዓሣ ወገን ነው።

የመሐንዲሶች ማኅበር ስለ ዓሣ ስም ምን አገባው የሚል ጥያቄ ቢነሣ አያስደንቅም። ለጥያቄው ሙሉ መልስ የሚሰጠው ወደ ንግግሩ መጨረሻ ነው። ባጭሩ ግን ነገሩ እንዲህ ነው፦ ስም የሌለው ፍጥረት በጥናት ሰነድ ውስጥ አይገባም፤ በጥናት ሰነድ ያልገባ ፍጥረት በንድፍ ላይ ቦታ አይሰጠውም፤ በንድፍ ላይ ቦታ ያልተሰጠው ደግሞ ግንባታው ካለቀ በኋላ አስታዋሽ አያገኝም።

በዚህ ንግግር ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ መግለጽ ያስፈልጋል።

ሐይቁና ነዋሪዎቹ

ጣና ከባሕር ወለል በላይ በ1,800 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ የሚገኝ፣ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ስፋት ያለው ያገራችን ትልቁ ሐይቅ ነው። ጥልቀቱ ግን ከስፋቱ ጋር ሲነጻጸር እጅግ አነስተኛ ነው። ጥልቅ የሚባለው ቦታ 14 ሜትር ያህል ሲሆን፣ አማካይ ጥልቀቱ ከ8 እስከ 9 ሜትር ብቻ ነው። ሐይቁ የተፈጠረው ከእሳተ ገሞራ የፈሰሰ ቅልጥ ዐለት የዓባይን መውጫ በመዝጋቱ ነው። በመሐንዲስ ቋንቋ ለመናገር፣ ተፈጥሮ ራሷ የሠራችው ግድብ ያቆመው ውሃ ነው ማለት ይቻላል።

ከባሕር ዳር ከተማ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ላይ ዓባይ ከ40 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወረወራል። ይህ የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ለጎብኚ የዓይን ምግብ ነው፤ ለዓሣ ግን የማይታለፍ ግንብ ነው። ከፏፏቴው በታች ያለ ዓሣ ሽቅብ ወጥቶ ከጣና ዓሣ ጋር ሊቀላቀል አይችልም። በዚህም ምክንያት የጣና ዓሦች ከቀረው የዓባይ ሸለቆ ተለይተው፣ ለብቻቸው ሲራቡና ሲለዋወጡ ኖረዋል።

በሐይቁ ውስጥ ለገበያ የሚቀርቡት ዓሦች ሦስት ናቸው ቢባል ከእውነት የራቀ አይሆንም፦ ቆሮሶ፣ አምባዛና ነጭ ዓሣ። ቆሮሶና አምባዛ በሌሎች የአፍሪካ ውሃዎችም በብዛት የሚገኙ ናቸው። ነገሩ የሚወሳሰበው በሦስተኛው ላይ ነው። ነጭ ዓሣ የሚባለው አንድ ዓሣ ነው ወይስ ብዙ? ይህ ጥያቄ ሊቃውንትን ከ160 ዓመት በላይ አከራክሯል።

ከአንድ ወደ ብዙ፣ ከብዙ ወደ አንድ

የጣናን ዓሦች ለመጀመሪያ ጊዜ በሳይንስ ሥርዐት የገለጸው የፍራንክፈርት ተወላጅ የሆነው ኤድዋርድ ሩፔል ነው። ሩፔል በ1830ዎቹ መጀመሪያ ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ፣ ጎንደርንና የጣናን አካባቢ ጎብኝቶ፣ ብዙ ናሙና ሰብስቦ ተመልሷል። ለዋልያና ለጭላዳ ዛሬ የሚጠሩበትን ሳይንሳዊ ስም የሰጣቸው ይኸው ሰው ነው። ከጣና ዓሦችም መካከል አያሌዎቹን በ1835 ግድም ባሳተመው ሥራ ገልጿል፤ ላቤዎባርቡስ የሚለውንም የወገን ስም ያወጣው እርሱ ነው። የሰበሰባቸው ናሙናዎች በተወለደበት ከተማ በሚገኘው በዜንከንበርግ ቤተ መዘክር ተቀመጡ። ይህ የናሙናው መቀመጥ ቀላል ነገር መስሎ ቢታይም፣ ወደ ኋላ እንደሚገለጸው የነገሩ ሁሉ መሠረት ሆኗል።

ከሩፔል በኋላ በ1902 የብሪታንያ ቤተ መዘክር ሊቅ የነበረው ቡለንዠር፣ ዴገን የተባለ ሰብሳቢ ከኢትዮጵያ ያመጣቸውን ዓሦች መርምሮ ሌሎች ስሞችን ጨመረ። በጣሊያን ወረራ ዘመን ደግሞ ወደ ጣና የመጣ የጣሊያን የጥናት ቡድን የሰበሰባቸውን ዓሦች ጆርጆ ቢኒ በ1940 ባሳተመው መጽሐፍ ገልጾ፣ ስሞቹን ይበልጥ አበዛቸው። በዚህ ዐይነት በአንድ ሐይቅ ውስጥ ያለ ነጭ ዓሣ ስሙ ከመብዛቱ የተነሣ፣ አንዱን ከሌላው ለመለየት የሚሞክር ሰው ግራ የሚጋባበት ጊዜ መጣ።

ከዚያም የዝንባሌው አቅጣጫ ተለወጠ። በ1973 እንግሊዛዊው ባኒስተር የምሥራቅና የመካከለኛው አፍሪካን ትልልቅ ባርቡሶች እንደገና መርምሮ፣ በጣና ውስጥ ያሉት የተለያየ መልክ ያላቸው ዓሦች ሁሉ ማለት ይቻላል፣ ባርቡስ ኢንተርሜዲዩስ የተባለ አንድ እጅግ ተለዋዋጭ ዝርያ ናቸው ሲል ወሰነ። ውሳኔው ያለ ምክንያት አልነበረም። በቤተ መዘክር ጠርሙስ ውስጥ የነበሩት ናሙናዎች ጥቂት ነበሩ፤ በአንዱና በሌላው መካከል የሚታየው ልዩነትም ቀስ በቀስ የሚሸጋገር ይመስል ነበር። በጥቂት ነጥብ ላይ የተመሠረተ መስመር ሁልጊዜ ቀጥ ያለ መስሎ እንደሚታይ ለመሐንዲስ መንገር አያሻም።

የሆነው ሆኖ ከ1973 ወዲህ ለሃያ ዓመታት ያህል፣ በወረቀት ላይ የጣና ነጭ ዓሣ አንድ ነበር። ይህም ያስከተለው ውጤት በቤተ መዘክር ውስጥ ብቻ ተወስኖ የሚቀር አልነበረም። አንድ ዝርያ ነው ከተባለ፣ ከሐይቁ ገባር ወንዞች በአንዱ የሚራባው ዓሣ ቢጠፋ፣ በሌላው ወንዝ የሚራባው ይተካዋል ተብሎ ይገመታል። አሥራ አምስት ዝርያ ነው ከተባለ ግን፣ የአንድ ወንዝ መዘጋት የአንድን ፍጥረት መጨረሻ ሊያመጣ ይችላል። በሁለቱ አስተሳሰቦች መካከል ያለው ልዩነት ይህን ያህል ነው።

የመለኪያው ምስክርነት

በ1990ዎቹ መጀመሪያ በኔዘርላንድስ የቫኸኒንገን የእርሻ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የነበሩት ናኸልከርከና ሲቢንግ ከኢትዮጵያውያን ባልደረቦች ጋር በባሕር ዳር ሥራ ጀመሩ። የእነርሱ አካሄድ ከቀደሙት የተለየው በአንድ ነገር ነው። ጥቂት የደረቁ ናሙናዎችን ከመመልከት ይልቅ፣ ከሐይቁ ወጥቶ መልኩና ቀለሙ ሳይለወጥ በእጃቸው የገባውን ዓሣ በብዛት መረመሩ። ስም ለመስጠትም አልቸኮሉም። በመጀመሪያ ዓሦቹን ማንም በሚረዳው ተራ ቅጽል እየለዩ አስቀመጧቸው፤ ባለ ትልቅ ዓይን፣ ባለ አጭር ራስ፣ ባለ ከንፈር፣ ባለ ሹል አፍ፣ ነጭ ጎባጣ እያሉ። በ1994 ባሳተሙት ጽሑፍም የጣና ባርቡሶች የተረሳ የዝርያዎች መንጋ ሊሆኑ ይችላሉ የሚለውን ሐሳብ በጥያቄ መልክ አቀረቡ።

ከዚህ በኋላ የተደረገው የልኬት ሥራ መሐንዲስ በቀላሉ የሚረዳው ነው። የአንድ ዓሣ ርዝመት ብቻውን ምንም አይነግርም፤ ትንሹ ዓሣ የትልቁ ልጅ ሊሆን ይችላልና። ስለዚህ የሚለካው ምጣኔው ነው። የራሱ ርዝመት ከጠቅላላው ርዝመት ጋር፣ የዓይኑ ስፋት ከራሱ ርዝመት ጋር፣ የአካሉ ከፍታ፣ የአፉ ስፋትና አቅጣጫ፣ በአፉ ዳርና ዳር የተንጠለጠሉት ጢሞች ርዝመት ይነጻጸራሉ። ከዚያም የሚቈጠረው ይቈጠራል፦ በጎኑ በሚያልፈው መስመር ላይ ያሉት ቅርፊቶች፣ የክንፎቹ አጥንቶች፣ በስንጥቡ ላይ እንደ ማበጠሪያ የተደረደሩት ጥርስ መሰል ዘንጎች። ዓሣው ሲያድግ ምጣኔው እንዴት እንደሚለወጥም በየመጠኑ ይታያል። በዚህ ሁሉ ሥራ መጨረሻ ልኬቶቹ አንድ ወጥ ሆነው ከመዘርጋት ይልቅ በየክምችታቸው ተለይተው ሲገኙ፣ አንድ ዝርያ ነው የሚለው አስተያየት መናጋት ይጀምራል።

ይሁን እንጂ መልክ ብቻውን በቂ ማስረጃ አይደለም። ውሻ በመልኩ እጅግ ይለያያል፤ ዝርያው ግን አንድ ነው። ስለዚህ ሁለት ጥያቄዎች ተጨመሩ። የመጀመሪያው ምን ይበላሉ የሚለው ነበር። ነጭ ዓሣ የካርፕ ቤተሰብ ሲሆን፣ የዚህ ቤተሰብ አባላት በመንጋጋቸው ላይ ጥርስ የላቸውም፤ የሚያኝኩትም በጉሮሯቸው ውስጥ ባሉ ጥርሶች ነው። እንዲህ ያለ ዓሣ ሌላውን ዓሣ አድኖ ለመብላት የተመቸ አይደለም። በጣና ግን ከተለዩት 15 ዝርያዎች መካከል 8ቱ ሌላ ዓሣ እያደኑ የሚኖሩ ሆነው ተገኙ። ሌሎቹ ደግሞ አንዳንዱ የውሃ ነፍሳትን፣ አንዳንዱ ቀንድ አውጣን፣ አንዳንዱ አትክልትን፣ አንዳንዱም በውሃው ላይ የሚንሳፈፉትን ጥቃቅን እንስሳት የሚመገቡ ናቸው። የአፉ ቅርጽና የሆዱ ይዞታ ተስማምተው ተገኙ ማለት ነው።

ሁለተኛውና ከባዱ ጥያቄ መቼና የት ይራባሉ የሚለው ነው። ናኸልከርከና ሲቢንግ በ1996 ባሳተሙት ጥናት፣ ከዓሦቹ በርካቶቹ ክረምቱ ሲገባ ከሐይቁ ወጥተው እንደ ጉማራ ወዳሉት ገባር ወንዞች እንደሚወጡ፣ ሁሉም ግን በአንድ ጊዜና በአንድ ስፍራ እንደማይራቡ አመለከቱ። አንዱ ዝርያ ቀድሞ ሲወጣ ሌላው ዘግይቶ ይከተላል፤ አንዱ በዚህኛው ጅረት ሌላው በዚያኛው ይሰባሰባል። በመልክ የተለያዩ፣ በምግብ የተለያዩ፣ በመራቢያ ጊዜና ቦታም የተለያዩ ፍጥረታት አንድ ናቸው ማለት ከዚህ በኋላ አስቸጋሪ ሆነ።

በዚህ መሠረት በ1997 በቀረበው ሥራ ከሩፔልና ከቢኒ ስሞች የሚጸኑት ጸንተው፣ አያሌ አዳዲስ ዝርያዎችም ተገልጸው፣ በ2000 ደግሞ አንድ ሌላ ተጨምሮ፣ የጣና ትልልቅ ነጭ ዓሦች ቁጥር 15 ሆነ።

ክርክሩ ግን ፈጽሞ አልተዘጋም። በኢትዮጵያና በሩሲያ የጋራ ጉዞ ውስጥ የሠሩ ሩሲያውያን ሊቃውንትም በ1996 የእነዚህኑ ዓሦች አስተዳደግና መልክ መርምረው፣ ልዩነቱ እንዴት እንደሚፈጠር የበኩላቸውን አስተያየት አቅርበዋል። ከሐይቁ ወለል በተቈፈረ ደለል ላይ የተመሠረተና በ2007 የታተመ ጥናት ደግሞ፣ ጣና ከ15,000 ዓመት በፊት ግድም ደርቆ እንደ ነበር አሳይቷል። ይህም ዛሬ በሰፊው ሐይቅ ውስጥ የሚታየው መለያየት በተፈጥሮ ታሪክ አቆጣጠር የትናንት ነገር ሊሆን እንደሚችል ያመለክታል። ገና በመለየት ላይ ያሉ ወንድማማቾች በዘረ መላቸው እጅግ ቢቀራረቡ የሚያስደንቅ አይሆንም።

ስም የሚወጣበት ሕግ

አንድ ሰው አዲስ ዓሣ አገኘሁ ስላለ ብቻ አዲስ ዝርያ አይመዘገብም። የእንስሳት አሰያየም ዓለም አቀፍ ሕግ አለው፤ የሕጉም መነሻ የስዊድኑ ሊኔዩስ በ1758 ያሳተመው መጽሐፍ ነው። ስሙ ሁለት ቃል ይሆናል፤ የመጀመሪያው ወገኑን፣ ሁለተኛው ዝርያውን ያመለክታል። ከ1930 በኋላ የወጣ ስም ዝርያውን ከሌሎች የሚለይበትን ምልክት በቃል ካልገለጸ አይጸናም። ከ1999 በኋላ ደግሞ ገላጩ አንድን ናሙና ለይቶ የስሙ ተሸካሚ አድርጎ መሰየም፣ ናሙናውም የት ቤተ መዘክር እንደሚቀመጥ ማስታወቅ ይገባዋል።

ይህ ስም ተሸካሚ ናሙና በምሕንድስና ከመለኪያ መነሻ ጋር ይመሳሰላል። ቀያሽ ከፍታን የሚወስደው ከታወቀ የከፍታ ምልክት ተነሥቶ እንደ ሆነ ሁሉ፣ የዓሣ ሊቅም የአንድን ስም ትርጉም የሚያረጋግጠው ወደዚያ አንድ ናሙና ተመልሶ ነው። ሩፔል ጽፎ ብቻ ቢሄድ ኖሮ፣ «ይህን ስም የሰጠው ለየትኛው ዓሣ ነበር» የሚለው ጥያቄ ለዘለዓለም ባልተመለሰ ነበር። ናሙናው ስለ ተቀመጠ ግን ከ160 ዓመት በኋላ የመጣ ሰው ዓሣውን ከጠርሙሱ አውጥቶ ሊለካው ቻለ።

ሕጉ የቀዳሚነትንም መብት ያከብራል። በሥርዐቱ ቀድሞ የወጣ ስም፣ ሰጪው ማንም ይሁን ማን፣ ይጸናል። ከጣና ዓሦች አንዱ እስከ ዛሬ ዳይኔሊ እየተባለ የሚጠራው በወረራው ዘመን የመጣውን የጣሊያን ጥናት ቡድን በመራው ሰው ስም ነው። ሌሎቹ ግን የአገሩን ስም ይዘዋል። ደምቤየንሲስ የሚለው የደምቢያን፣ ጎርጎረንሲስ የሚለው የጎርጎራን፣ ጻነንሲስ የሚለው የሐይቁን የራሱን ስም የተሸከመ ነው። ቤሶ የሚለውም ስም ከአገሬው አፍ ተወስዶ ወደ ሳይንስ መዝገብ ገብቷል።

ወገኑ ሲለወጥ ደግሞ የመጀመሪያው ቃል ብቻ ይለወጣል። ትልልቆቹ የጣና ዓሦች ለረጅም ጊዜ ባርቡስ ሲባሉ ቈይተው፣ የክሮሞሶማቸው ቁጥር 150 ያህል፣ ማለትም ስድስት እጥፍ መሆኑ ከታወቀ በኋላ፣ ከአውሮፓ ባርቡሶች ተለይተው ላቤዎባርቡስ ተብለዋል። ሩፔል ያወጣው የወገን ስም ከረጅም ጊዜ በኋላ ወደ ባለቤቶቹ ተመለሰ ማለት ነው።

የትንሹ ዓሣ ታሪክ

ስለ ትልልቆቹ ብዙ ሲጻፍ፣ ከ10 ሴንቲ ሜትር የማይበልጡት ትንንሽ ባርቡሶች ተዘንግተው ነበር። በ2000 ማርቲን ደ ግራፍ፣ እሸቴ ደጀን፣ ሲቢንግና ኦሰ ባርቡስ ታናፔላጊዩስ የተባለ አዲስ ዝርያ ገለጹ። ትርጉሙ የጣና የሰፊው ውሃ ዓሣ እንደ ማለት ነው። ይህ ዓሣ ባሕር ዳርቻውን ትቶ በሐይቁ መካከል የሚኖር፣ በውሃው ላይ የሚንሳፈፉ ጥቃቅን እንስሳትን የሚመገብ ነው። በዳርቻው በብዛት ከሚገኘው ሁሚሊስ ከተባለው ዘመዱ ጋር ሲታይ ለተመልካች ተመሳሳይ ቢመስልም፣ ቅርጹና ኑሮው ተነጻጽረው ሲመረመሩ ሌላ ሆኖ ተገኘ።

የዚህ ዓሣ መገለጽ ፋይዳው የስም ዝርዝር ማርዘም ብቻ አይደለም። በሌሎች የአፍሪካ ታላላቅ ሐይቆች፣ ለምሳሌ በታንጋኒካ፣ የሰፊውን ውሃ ጥቃቅን እንስሳት የሚመገቡት የሰርዲን ዘመዶች ናቸው። በጣና ሰርዲን የለም፤ ቦታውን የያዘው ይህ ትንሽ የካርፕ ዘመድ ነው። ጥቃቅኖቹን እርሱ ይበላል፤ እርሱን ደግሞ አዳኞቹ ትልልቅ ነጭ ዓሦች ይበሉታል። የሐይቁ ምግብ ወደ ዓሣ አጥማጁ መረብ ከሚያልፍባቸው ዋና ዋና መተላለፊያዎች አንዱ እስከ 2000 ድረስ ስም አልነበረውም ማለት ነው። ይህንም ሥራ ከገለጹት ሰዎች አንዱ ኢትዮጵያዊ መሆናቸው፣ በሌሎች እጅ ብቻ የነበረው የአሰያየም ታሪክ መለወጡን ያሳያል። በ2007 ደግሞ አበበ ጌታሁን በኒው ዮርክ የአሜሪካ የተፈጥሮ ታሪክ ቤተ መዘክር ከምትሠራው ከሜላኒ ስታያስኒ ጋር ሆነው፣ ጋራ ታናና ጋራ ሬግሬሱስ የተባሉ ሌሎች ሁለት የጣና ዓሦችን ገልጸዋል።

መሐንዲሱ የሚገባበት

አሁን መጀመሪያ ወደ ተነሣው ጥያቄ መመለስ ይቻላል።

ወደ ወንዝ ወጥተው የሚራቡት ነጭ ዓሦች ጉዟቸውን የሚያደርጉት ከነሐሴ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ነው። እንቁላላቸውን የሚጥሉት ጥሩ አየር ያለው ንጹሕ ውሃ በሚፈስበት፣ ጠጠር በተነጠፈበት ስፍራ ነው። በደለል የታፈነ እንቁላል አይፈለፈልም። እነዚህ ሳምንታት ለግድብም ዋና ሳምንታት ናቸው፤ ያገራችን ግድብ ውሃ የሚያጠራቅመው በክረምት ነውና። ዓሣው ሽቅብ መውጣት በሚያሻው ጊዜ መሐንዲሱ በሩን መዝጋት ይፈልጋል። ሁለቱ የሚጋጩት በክፋት ሳይሆን በቀን መቁጠሪያ ነው።

የጣና ሸለቆ ደግሞ የምሕንድስና እጅ ያላረፈበት ስፍራ አይደለም። በሐይቁ መውጫ ላይ የጨረጨራ መቆጣጠሪያ በር በ1996 ሥራ ጀምሯል። ከ2010 ጀምሮ የሐይቁ ውሃ በ12 ኪሎ ሜትር ያህል ዋሻ ወደ በለስ እየወረደ 460 ሜጋ ዋት ለማመንጨት የሚችለውን ጣቢያ ያንቀሳቅሳል። ለመስኖ የሚሆኑ ግድቦችም በቆጋ፣ በርብና በመገጭ ወንዞች ላይ ታቅደው ወደ ሥራ ተገብቷል። የእነዚህ ሥራዎች አስፈላጊነት በዚህ ጉባኤ ፊት ክርክር አያሻውም። ብርሃንና እህል የሚያስፈልገው ሕዝብ አለ፤ ይህ ማኅበርም የቆመው ለዚሁ ነው።

ችግሩ ዓሣውን የሚያጠቃው ግድብ ብቻ አለመሆኑ ነው። በ1986 ባለ ሞተር ጀልባና የናይለን መረብ ወደ ጣና ከገቡ በኋላ፣ በደንገል ታንኳ ይደረግ ከነበረው ማጥመድ ጋር የማይነጻጸር ኀይል በሐይቁ ላይ ወረደ። ለመራባት በወንዝ አፍ ላይ የሚሰበሰበው ዓሣ በአንድ ስፍራ ታጉሮ የሚገኝ በመሆኑ ለመረብ የተመቸ ነው። በ2004 የታተመ ጥናት እንዳመለከተው፣ ከ1991 እስከ 2001 ባሉት ዓመታት ወደ ወንዝ የሚወጡት ነጭ ዓሦች ብዛት በሦስት አራተኛ ያህል ቀንሷል። ይህ ልኬት ሊወሰድ የቻለው ዓሦቹ በየስማቸው ተለይተው ስለ ተቈጠሩ ነው። ሁሉም በአንድ ስም ተጠቃለው ቢቈጠሩ ኖሮ፣ በሐይቁ ውስጥ የሚራቡት በወንዝ የሚራቡትን ጉድለት ይሸፍኑት ነበር።

ስም መስጠት ብቻውን እንደማያድን የሚያስረዳ የሌላ አገር ምሳሌ አለ። በፊሊፒንስ የሚገኘው የላናኦ ሐይቅም እንደ ጣና የካርፕ ቤተሰብ ዝርያዎች መንጋ ነበረበት። ኸሬ የተባለ ሊቅ በ1924 ገልጿቸው ነበር። በማኒላ የተቀመጡት ናሙናዎች በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወደሙ። በሐይቁ ውስጥ የነበሩትም ከውጭ በገቡ አዳኝ ዓሦችና ከልክ ባለፈ ማጥመድ ምክንያት እየመነመኑ ሄደው፣ በ2020 ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ከእነርሱ 15ቱ ፈጽመው መጥፋታቸውን አስታወቀ። ዛሬ ያን መንጋ ለማጥናት የሚሻ ሰው ሐይቁ ዘንድ ቢሄድ ዓሣውን አያገኝም፤ ማኒላ ቢሄድ ናሙናውን አያገኝም። እንዲህ ያለው መንጋ በዓለም ላይ በሕይወት የቀረበት ታላቅ ሐይቅ ጣና ነው መባሉም ከዚህ የተነሣ ነው።

ከዚህ ሁሉ ለሙያው የሚወጡት ትምህርቶች ጥቂትና ግልጽ ናቸው።

አንደኛ፣ የወንዝ ጥናት የሚካሄድበት ወቅት ይታሰብበት። አጥኚ ቡድን መንገዱ ሲደርቅለት በጥር ወር ቢወጣ፣ ተራብተው ወደ ሐይቁ የተመለሱትን ትልልቅ ዓሦች በወንዙ ውስጥ አያገኛቸውም። «በወንዙ ውስጥ ይህ ነው የሚባል ዓሣ የለም» ብሎ ቢጽፍም አልዋሸም፤ ነገር ግን የጻፈው ስለ ጥር ወር እንጂ ስለ ወንዙ አይደለም። የጎርፍን መጠን በበጋ መለኪያ የሚተምን መሐንዲስ እንደሌለ ሁሉ፣ የዓሣንም ነገር በበጋ ብቻ መተመን አይገባም።

ሁለተኛ፣ ለጥናት የተያዘ ዓሣ ተቈጥሮ አይጣል። ናሙናው በፎርማሊን ተጠብቆ፣ የተያዘበት ቦታና ቀን ተጽፎበት፣ በአገር ውስጥ ለሚገኝ ስብስብ ይሰጥ። ለአንድ ግድብ ጥናት ከሚወጣው ወጪ አንጻር የጥቂት ጠርሙሶች ዋጋ ከቁጥር የሚገባ አይደለም። ከጠርሙሶቹ አንዱ ግን ገና ስም ያላገኘ ፍጥረት ይዞ ሊሆን ይችላል።

ሦስተኛ፣ ከግድብ በታች የሚለቀቀው ውሃ መጠን ብቻ ሳይሆን ጊዜውም በንድፍ ይወሰን። በመስከረም ለጥቂት ሳምንታት የሚለቀቅ ውሃ ዓመቱን ሙሉ ተመጣጥኖ ከሚለቀቅ ተመሳሳይ መጠን ይልቅ ለዓሣው የበለጠ ሊጠቅመው ይችላል። አነስተኛ የመስኖ መቀልበሻ በሚሠራበት ስፍራም የዓሣ መሸጋገሪያ ከመጀመሪያው ይታሰብ። መሸጋገሪያውም ለሌላ አገር ዓሣ ከተዘጋጀ ሠንጠረዥ የሚገለበጥ ሳይሆን፣ የነጭ ዓሣ የመዋኘት አቅም ተለክቶ የሚነደፍ ይሁን።

አራተኛ፣ አሸዋና ጠጠር ከወንዝ ሲወሰድ ከየት እንደሚወሰድ ይታወቅ። ለኮንክሪት የሚመረጠው የታጠበ ጠጠርና ዓሣ እንቁላሉን የሚጥልበት ጠጠር አንድ ዐይነት ናቸው። በወንዙ ርዝመት ላይ የመራቢያው ስፍራ ተለይቶ በካርታ ቢቀመጥ፣ ጠጠሩን ከሌላ ቦታ ማውጣት ይህን ያህል የሚከብድ አይሆንም።

የተከበራችሁ የማኅበሩ አባላት፤

አንድ ዓሣ አጥማጅ በንጋት ታንኳውን ወደ ዳር አስጠግቶ ያጠመደውን ሲያወጣ፣ በእጁ ያለው የቀኑ ምግብና የልጆቹ የትምህርት ወጪ ነው። በዚያው ዘለላ ውስጥ ሩፔል የሰየመው፣ ቢኒ የሰየመው፣ በ1997 የተሰየመው ዓሣ አንድ ላይ ታስሮ ይገኛል። ገዢውም ሁሉንም ነጭ ዓሣ ብሎ ይገዛቸዋል፤ ለእርሱ ይበቃዋልና። በወንዙ ላይ መስመር የሚያሰምር ሰው ግን በዚህ ስም ብቻ ሊረካ አይገባውም። እርሱ የሚያሰምረው መስመር፣ ከእነዚያ ዓሦች የትኛው በሚመጣው ክረምት ወደ መራቢያው እንደሚደርስና የትኛው ከበሩ ሥር ቆሞ እንደሚቀር ይወስናል። በጉማራና በርብ ዳር የተወለደ ዓሣ አጥማጅም ልጁ የሚወርሰው ሐይቅ ምን እንደሚመስል የሚያውቀው ያ በር ከተሠራ በኋላ ነው።

ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ በአንድ የወንዝ ጥናት ሰነድ ውስጥ «የዓሣ ሀብት» በሚለው ርእስ ሥር ሁለት መስመር ብቻ ተጽፎ ሲገኝ፣ ሰነዱን የሚመረምረው መሐንዲስ ሁለት ጥያቄ ይጠይቅ፦ የትኛው ዓሣ? በየትኛው ወር? እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች ለመመለስ የሚያስፈልገው ስም፣ ከብዙ ሰዎች ድካም በኋላ ዛሬ ተገኝቷል።